ከግድግዳው ማዶ የሚጮሁት የጃፓን ልጆች

ተናድጃለሁ። ይህን ቀድሜ የምነግራችሁ ኋላ «ሰውዬው ምን ሆኖ ነው እንዲህ የሚቆጣው» እንዳትሉኝ ነው። በተፈጥሮዬ ቁጡ አይደለሁም። ታክሲ ውስጥ እግሬን የረገጠኝን ሰው እኔው ራሴ ይቅርታ የምጠይቅ ዓይነት ሰው ነኝ። ባለቤቴ እንዲያውም ያገባችኝ ለዝምታዬ ብላ እንደሆነ ለዘመድ አዝማድ ስታወራ ኖራለች። አሁን አታወራም። ለምን እንደማታወራ እነግራችኋለሁ።

ጎጃም በረንዳ ብርድ ልብስ እሸጣለሁ። የብርድ ልብስ ሱቅ ማለት ግራና ቀኙ፣ ጀርባው፣ ከወለል እስከ ጣሪያው በብርድ ልብስ የታጨቀ ማለት ነው። ውጭ ተሸካሚው «ዞር በል!» እያለ ይሮጣል፣ ጋሪው ይንገጫገጫል፣ የጭነት መኪናው ጡሩንባውን ይነፋል። እኔ ሱቅ አንድ እግራችሁን ስታስገቡ ግን ያ ሁሉ ጸጥ ይላል። ብርድ ልብሱ ይውጠዋል። በመላው መርካቶ ጆሮ የሚያርፍበት አንድ ቦታ ቢኖር የእኔ ሱቅ ነበር ብል ማጋነን አይሆንብኝም፤ ከሆነም ትንሽ ነው። ነጋዴው ከባድ ስልክ ሲደወልለት እየሮጠ ወደ እኔ ይመጣል። የተጣሉ ሸሪኮች የሚታረቁት እኔ ዘንድ ነው። አንዴ የማላውቃት ሴትዮ ገብታ፣ ዋጋም ሳትጠይቅ፣ አንሶላው ጥግ ቁጭ ብላ ትንሽ አልቅሳ፣ አመስግናኝ ወጣች። ምን ሆንሽ አላልኳትም። እንዲህ ያለ ሱቅ ነበረኝ። ነበረኝ ነው ያልኳችሁ።

ጎረቤቴ ከድር ይባላል። ድስት፣ ትሪና ማንቆርቆሪያ ይሸጥ ነበር። በመካከላችን ያለው ነገር ግድግዳ ይባላል እንጂ ጣውላና ቆርቆሮ ነው፤ እሱ በዚያ በኩል ሲያስነጥስ እኔ በዚህ በኩል «ይማርህ» እላለሁ። እሱ ሙስሊም፣ እኔ ክርስቲያን ስለሆንን በሥጋ ቀን ሁለታችንም በየፊናችን እንበላለን፤ በጾም ቀን ግን አንድ ትሪ ሽሮ ከፊታችን አድርገን ስንት ዓመት አብረን በላን። ልጁን ሲድር ለእንግዳው ሳሎን ያነጠፍኩት የራሴን ብርድ ልብስ ነው። በአጭሩ ወዳጄ ነበር።

አንድ ቀን ሽሮ እየበላን «ድስት ሰለቸኝ» አለኝ። እኔም ሞኙ «ከሰለቸህ ቀይር» አልኩት። ይህን ምክር የሰጠሁበትን አፍ እስከ ዛሬ አልማርኩትም። ከድር ድስቱን አራገፈና ስፒከር አስገባ። ትንንሽ ስፒከር እንዳይመስላችሁ። አንዳንዱ ቁመቱ እኔን ይበልጣል።

መጀመሪያ ቀን ድምፁን ስሰማ ሰው እጁ በመዝጊያ የተያዘ መሰለኝ። ልደርስለት ሮጬ ወጣሁ። ከድር በሩ ላይ እጁን አጣጥፎ ቆሞ ፈገግ ይላል። ለካ ዘፈን ነው።

ይህ ዘፈን ሲጀምር ተንኮለኛ ነው። አንዲት ልጅ ብቻዋን፣ ሕፃን እንደምታስተኛ እናት ቀስ ብላ ታንጎራጉራለች። እሷን አምናችሁ ትከሻችሁን ስታላሉ ያወርዱባችኋል። ከበሮው፣ ምን አለሽ ተራ አሮጌ በርሜል ቀጥቅጠው ምድጃ የሚሠሩት ሰዎች ሁሉ ባንድ ጊዜ መዶሻ ያነሱ ያስመስላል። ጊታሩ ብረት በመጋዝ ሲቆረጥ የሚሰማው ነው። ያቺ ስታንጎራጉር የነበረችው ልጅም ምን እንዳገኛት እንጃ፣ ጩኸቷን ትለቀዋለች። ወደ መሐል ላይ ደግሞ ድንገት ሁሉም ዝም ይላሉ። አበቃ፣ ተመስገን ስትሉ እንደገና።

ከድርን ሌላ ዘፈን የለህም ወይ አልኩት። ስፒከር ገዢ ቀጭኑንም ወፍራሙንም ድምፅ መስማት አለበት አለኝ። በለስላሳ ዘፈን ሲሞከር ሁሉም ስፒከር ደህና ይመስላል፣ ይሄኛው ግን ደካማውን ወዲያው ያጋልጠዋል አለ። ዘፈኑን የሰጠው ዕቃውን ያስመጣለት ነጋዴ ነው፣ በፍላሽ። ከዚያ በኩራት «ደግሞ ሁሉም ሴቶች ናቸው፤ ጃፓኖች» አለኝ።

አላመንኩትም። ስልኩን አውጥቶ ቪዲዮውን አሳየኝ። እውነቱን ነው፣ ሁሉም ሴቶች ናቸው፣ ሁሉም ልጆች። ከበሮውን የምትደበድበው ክንዷ የእኔን አውራ ጣት የሚያህል ቀጭን ልጅ ናት። ደግሞ ፈገግ ትላለች። እኔን ያቃጠለኝ ፈገግታዋ ነው። ሰው እንዲያ አገር ሲያናጋ ቢያንስ ፊቱን ያጠቁር እንጂ። የሚሉት ነገር ደግሞ አይገባም። ሰው ቀኑን ሙሉ ሲጮህበት ምን እያሉት እንደሆነ ማወቅ መብቱ አይደለም? ሲሰድቡኝ ውለው እንደሆነስ?

እንግዲህ ከድር ገዢ በመጣ ቁጥር ይከፍተዋል። ገዢ ከሌለ ደግሞ ገዢ እንዲመጣ ይከፍተዋል። ብርድ ልብሶቼ የመንገዱን ጩኸት የሚውጡት ወፍራም ስለሆኑ ነበር፤ ይህ ግን በጆሮ አይገባም፣ በወለሉ መጥቶ በጉልበት ነው የሚገባው። ስልክ ሊያወሩ የሚመጡት ሰዎች ቀሩ። ሸሪኮቹም ጭድ ተራ ሄደው ታረቁ ሲባል ሰማሁ። እኔም ገዢ ሲመጣ መጮህ ጀመርኩ። ምርጫ የለኝም። «ባለ አበባው ነው ወይስ ዥንጉርጉሩ» እያልኩ ስጮህ ውዬ ቤቴ ስገባ ጉሮሮዬ ይደክማል እንጂ ድምፄ አይቀንስም። ባለቤቴን ጨው አቀብይኝ ስላት ጎረቤት ምን ሆናችሁ ብሎ በር ያንኳኳል። ለዝምታው ብዬ አገባሁት ማለት የተወችው ለዚህ ነው።

በመጨረሻ ለተራው ሽማግሌዎች አቤት አልኩ። መጡልኝ። የመጡት ግን ከድር ለሶላት ዘግቶ በሄደበት ሰዓት ነው። ሱቄ እንደ ድሮው ጸጥ ብሏል። ቁጭ አሉና ችግሩ ምንድነው ብለው በትሕትና ጠየቁኝ። እኔም ስለ ጩኸቱ አስረዳሁ፤ በለመድኩት ድምፅ። አንደኛው ሽማግሌ እጁን ጆሮው ላይ አደረገ። ከድር ከመስጊድ ሲመለስ ጫማውን አውልቆ በስሱ «ሰላም ዋላችሁ» አለ። እኔ ስለ እሱ እጮሃለሁ፣ እሱ አንገቱን ደፍቶ ያዳምጣል። ሽማግሌዎቹ ተያዩ። ሲወጡ ትልቁ ትከሻዬን ይዞ፣ ልጄ ሐኪም ታይ፣ ደም ግፊት ሊሆን ይችላል አለኝ።

እስከዚህ ድረስ የነገርኳችሁ ሁሉ ንዴት አይባልም። ንዴቱ የመጣው በአያሌው ነው።

አያሌው ደብረ ማርቆስ ሱቅ አለው፤ ከእኔ እየወሰደ እዚያ የሚቸረችር የቆየ ደንበኛዬ ነው። ጨዋ ልጅ ነው። እናቱና ታላቅ እህቱ ዘነበች እዚሁ አማኑኤል ሰፈር ይኖራሉ። የዚያን ቀን መጥቶ በሩ ላይ ቆመ። ከድር ሁለት ወጣቶች ፊት ትልቁን ስፒከር ከፍቷል። አያሌው ዓይኑ ቀልቷል፤ እኔ የመንገድ አቧራ ነው ብዬ አለፍኩት። ጠጋ አለና «እህቴ አረፈች» አለኝ።

እኔ የሰማሁት «እህቴ አረገዘች» የሚል ነው።

«እሰይ! እንኳን ደስ ያለህ!» አልኩት፣ በዚያ በጨው ድምፄ።

አያሌው አፉ ተከፍቶ ቀረ። በደስታ ነው ብዬ እጁን ይዤ ወዘወዝኩት። መቼ ነው የምትወልደው አልኩት። አሁንም አንድ ነገር አለ፣ ከንፈሩ ሲንቀሳቀስ አየሁ፤ ጃፓኗ ልጅ ጩኸቷን ለቃዋለች፣ ምንም አይሰማም። እኔ ግን ሥራዬን ቀጠልኩ። ብርድ ልብስ ፈልገህ ነው? ለእሷ ከሆነ ይሄኛው ለስላሳ ነው፣ ለሕፃኑ መጠቅለያም አለኝ ብዬ ትንሿን፣ ጥንቸል የተሳለባትን አውርጄ ደረቱ ላይ ለካሁለት። ይኼኔ ዘፈኑ ያቺ መሐሉ ላይ የነገርኳችሁ ቦታ ደረሰና ሁሉም ባንዴ ዝም አሉ። በዚያች ዝምታ ውስጥ አያሌው የተናገረው ጥርት ብሎ ተሰማ።

«ትናንት ነው የቀበርናት፤ ከጎጃም ለመጣው ለቀስተኛ መተኛ ብርድ ልብስ ፈልጌ ነበር።»

ከዚያ ከበሮው ተመለሰ። አያሌው ጥንቸሏን በቀስታ ጠረጴዛው ላይ አስቀምጦ ወጣ። ተከትዬው ልሮጥ ብዬ በሩ ላይ ቆምኩ። ሮጬ ብደርስበትስ ምን ልለው ነው?

ወደ ከድር ሄድኩ። አፈርኩ መሰለኝ የሆነውን አልነገርኩትም፤ ዝም ብዬ ሰደብኩት። ድስት ሻጭ ሆነህ ብትቀር ለአገርም ለወገንም ይሻል ነበር አልኩት። ጎረቤት አይደለህም፣ መቅሰፍት ነህ አልኩት። ከድር ነገሩ ስላልገባው የስፒከር ካርቶን ውስጥ እጁን ሰዶ ከመጠቅለያው ስፖንጅ ቆረሰና ለጆሮህ ብሎ ሰጠኝ። ስፖንጁን ወርውሬ ከእንግዲህ ከአንተ ጋር ቃል ብለዋወጥ ብዬ ምዬ ተመለስኩ።

በማግስቱ ማልጄ ሱቄን ከፈትኩና ወፍራም ወፍራሙን ብርድ ልብስ ሁሉ እያወረድኩ በከድር በኩል ባለው ግድግዳ ላይ ደረደርኩት። እንደ አጥር እስከ ጣሪያው ቆለልኩት። ላቤ በጀርባዬ ይወርዳል፤ ግን ደስ ብሎኛል። ሥራዬን ጨርሼ አጥሩን ተደግፌ ቁጭ አልኩ። ከድርም እንደ ልማዱ ከፈተው።

መጀመሪያ ምንም አልተሰማኝም። ድል አደረግሁ አልኩ። ከዚያ ጀርባዬ መንቀጥቀጥ ጀመረ። ግድግዳው ከበሮው በተመታ ቁጥር ይዘላል፤ ግድግዳው ሲዘል ክምሩ ወደ እኔ ይጠጋል። ልነሳ ስል ከላይ ያለው ወረደብኝ፣ እሱን ተከትሎ ሌላው፣ ከዚያ ሁሉም ባንድነት። ጨለማ ሆነ። ብርድ ልብስ ቀላል ነገር የሚመስላችሁ አንድ ለብሳችሁ ስለምትተኙ ነው። ስጮህ ድምፄን ብርድ ልብሱ ይውጠዋል፤ ከእሱ ያመለጠውን ደግሞ ጃፓኖቹ ይውጡታል።

አድኑኝ ማለቱ እንደማያዋጣ ሲገባኝ ስድቤን ቀጠልኩ። ከሞትኩም ሰድቤ ልሙት ብዬ ነው። ክዳን የሌለህ ድስት አልኩት። ሽሮህ ጨው ኖሮት አያውቅም፤ ስንት ዓመት የበላሁልህ ለወዳጅነት ስል ነው አልኩት። የጃፓኖቹን ልጆች ለመሆኑ የሚቆጣችሁ አባት የላችሁም ወይ አልኳቸው። በመጨረሻ ሆዴን የበላኝ ወጣ። «እህቱ ለሞተችበት ሰው እንኳን ደስ ያለህ አስባልከኝ! አያሌውን! በሐዘኑ ላይ!»

ይህን የመጨረሻውን ስል መብራት ጠፍቶ ኖሯል።

መርካቶ መብራት ሲጠፋ ነገር ሁሉ ባንዴ ነው ጸጥ የሚለው። እኔ ከብርድ ልብስ ሥር ሆኜ አላወቅሁም። ሌላም ስድብ ጨመርኩ። ኋላ እንደነገሩኝ ሰዎች ከየሱቃቸው ወጥተው የሚጮኸው ብርድ ልብስ የቱ ነው እያሉ ይፈልጉኝ ነበር። ከድር ነው ቀድሞ የገባው። አንድ በአንድ እያነሳ ጎትቶ አወጣኝ። ፀጉሬ ቆሟል፣ አፌ ውስጥ የሱፍ ብናኝ ሞልቷል። ስለ ሽሮው የተናገርኩትን መስማቱ ያሳፈረኝ ይመስላችኋል? ምንም አላፈርኩ። ተናድጃለሁ።

ከድር ትከሻዬን እያራገፈ ቀስ ብሎ «አያሌውን እንዴት እንኳን ደስ ያለህ አልከው?» አለኝ።

ነገርኩት። አረፈችን አረገዘች ብዬ መስማቴን፣ ጥንቸሏን ደረቱ ላይ መለካቴን፣ ሁሉንም። ከድር አልሳቀም። ሄዶ ሱቁን ቆለፈና ተመልሶ መጣ። ከወደቁት ብርድ ልብሶች ደህና ደህናውን መርጦ ጠቀለለና ትከሻው ላይ አደረገ።

«ለቅሶ ቤቱን ታውቀዋለህ?» አለኝ። አውቀዋለሁ አልኩ። «ቅደም እንግዲህ።»

እስከ አማኑኤል በእግራችን ሄድን። እኔ ቃል አልለዋወጥም ብዬ የማልኩት ትዝ ስላለኝ አላናግረውም፤ እሱም ሸክሙ ከብዶት አያናግረኝም። መንገዱን ሙሉ የምለውን አዘጋጀሁ። አያሌውን ይቅር በለኝ እለዋለሁ፣ ጆሮዬ ነው እለዋለሁ፣ ጎረቤቴ ነው ብዬ ከድርን አሳየዋለሁ። ድንኳኑ ስንደርስ ሰው በሙሉ አቀርቅሮ ተቀምጧል። አያሌው እኔን ሲያይ ተነሳ። ያዘጋጀሁት ሁሉ ጠፋብኝና «ነፍስ ይማር» አልኩ። በሱቅ ድምፄ ነው ያልኩት። አንድ አዛውንት እንቅልፍ ወስዷቸው ኖሮ ደንግጠው ብድግ አሉ።

ከድር ሸክሙን አውርዶ እጁን ደረቱ ላይ አደረገ። ጥፋቱ የእኔ ነው፣ የእኔ ዘፈን ነው ያደነቆረው አለው። አያሌው ይቅርም አላለን፣ ውጡም አላለን። «እናቴ ልታይዎት ትፈልጋለች» አለኝና ወደ ቤት አስገባን።

እናቱ እማማ የሺ ይባላሉ። ጥቁር ለብሰው አልጋቸው ጫፍ ላይ ተቀምጠዋል። ዓይናቸው ደረቅ ነው። አያሌው ጆሮአቸው ላይ ጎንበስ ብሎ ባለ ብርድ ልብሱ ይሄ ነው አላቸው። ከእግሬ እስከ ራሴ ሲያዩኝ ቆዩና «ዘነበችን ያስረገዝካት አንተ ነህ?» አሉኝ።

እኔ ወለሉ ተከፍቶ ቢውጠኝ ብዬ ለመንኩ። ኋላ እንደሰማሁት ዘነበች ሃምሳ ዓመት ያለፋት፣ ባል ያላገባች፣ ወንድ በመንገድ ሲያልፍ ነጠላዋን ወደ ፊቷ የምትስብ ቤተ ክርስቲያን ሳሚ ነበረች። ጥግ ላይ የነበረች አንዲት ሴትዮ ነጠላዋን አፏ ውስጥ ስትጠቀጥቅ አየሁ። ሳቅ ይዟት ነው። እማማ የሺም ትከሻቸው መንቀጥቀጥ ጀመረ።

«የልጅ ልጅ አሳየኝ ብዬ ስንት ዘመን ስለት ተሳልኩ» አሉ። «እግዜር እምቢ ያለኝን አንተ ሱቅህ ቁጭ ብለህ ሰጠኸኝ።»

ይሳቅ ወይ ይለቀስ አላወቅሁም። አጎንብሼ ጉልበታቸውን ሳምኩ። ቀና ሲያደርጉኝ ለመሆኑ ምን ዓይነት ዘፈን ነው አረፈችን አረገዘች የሚያሰኘው አሉ። ከድር ስልኩን አወጣ። ለቅሶ ቤት ዘፈን፣ ያውም ያንን ዘፈን! ክንዱን ቆነጠጥኩት፤ አልሰማኝም። ድምፁን ቀንሶ ጆሮአቸው ላይ ለጠፈላቸው። ያቺ ልጅ ማንጎራጎሯን ጀመረች። እማማ የሺ ራሳቸውን ዘንበል አደረጉ። ከበሮው ሲወርድ ስልኩን ይወረውሩታል ብዬ ጠበቅሁ። አልወረወሩትም። በሁለት እጃቸው ያዙት።

«እነዚህ ልጆች ማን ሞቶባቸው ነው?» አሉ።

ከድር የሞተ የለም እማማ፣ ዘፈን ነው አላቸው።

«ምን ዘፈን ነው ይሄ፣ ለቅሶ ነው እንጂ። እንዲህ ነው እንጂ የሚለቀሰው፣ ደረት እየተደቃ። የእኛዎቹ እንደ ጉንፋን ሽርር አድርገው ቡና የሚጠጡ ናቸው።» ከዚያ ስልኩን ወደ ከድር ገፋ አደረጉት። «ከፍ አድርገው።»

ከድር አያሌውን አየው። አያሌው ራሱን ነቀነቀ። ከፍ አደረገው። ልጅቷ ስትጮህ እማማ የሺም ዘነበች ብለው ጮሁ። ደረታቸውን መቱ። ቤት ውስጥ የነበሩት ሴቶች ተቀበሏቸው፣ ድንኳን ያሉት ተነሱ። ከዚያ ወዲያ የቱ የጃፓን፣ የቱ የአማኑኤል ሰፈር ጩኸት እንደሆነ አልለይም። ያቺን ሴት አንድ ቀን እንኳን በዓይኔ አይቻት አላውቅም፤ ግን ግድግዳ ተደግፌ እንደ ሕፃን አለቀስኩ። ከድር አየኝ። ማየቱ እስካሁን ያናድደኛል።

አያሌው እስከ በር ሸኘን። እናቱ ከቀብሩ ጀምሮ አንድ እንባ እንዳልወጣቸው፣ እህልም እንዳልቀመሱ ነገረን። እጄን ጨብጦ ብርድ ልብሱ ደህና ነው አለኝ። ይህን ያህል ነው የተባባልነው፤ ይበቃናል።

ይህ ሁሉ ሆኖ ከድር ዘፈኑን ተወ እንዳትሉ። አልተወም። ቀንሶታል። እኔ ግድግዳውን ስደበድብ ደግሞ ያጠፋዋል። ሽሮውንም አብረን መብላት ጀምረናል፤ አሁን ጨው በዝቶበታል፣ ሆን ብሎ ነው።

ባለፈው ሳምንት አያሌው ዕቃ ሊወስድ መጣ። እናቱ ደህና መሆናቸውን ጠየቅሁት። ደህና ናት፣ ግን ዘፈኑን ስልኳ ላይ አስጭናለች፤ ዘነበች በናፈቀቻት ቁጥር ከፍ አድርጋ ትከፍተዋለች አለኝ። ጆሮዋ ስለደከመም እስከ መጨረሻው ነው የምትከፍተው። ጎረቤታቸው ጡረታ የወጣ ሰው ነው፤ በንዴት አብዷል፣ ይህን ነገር ሰፈራችን ያመጣብን ማነው እያለ ከቤት ቤት እየዞረ ይጠይቃል፣ ምን ብለው ይሻላል አለኝ።

«ይምጣ በለው» አልኩት። «የከድርን ሱቅ እኔ ራሴ አሳየዋለሁ።»